ስለ እሳት አያያዝና ስለ ሜፕል ዛፍ ውኃ አፈላል

ብዙ ሰዎች የእሳት ኃይል በእንጨት ብዛት የሚገኝ ይመስላቸዋል። ነገር ግን እሳት በሥርዓት ካልያዙት ጉልበቱን በከንቱ የሚያባክን ነው። እኔ ይህን በሚገባ ያስተዋልሁት በምኖርበት በአሜሪካ አገር፣ በቬርሞንት፣ የሜፕል ዛፍ ውኃ በሚፈላበት በአንድ ጎረቤቴ ቤት ነው። ነገሩ ለቤተ ሰብ ኑሮ ትምህርት ያለበት ስለ ሆነ ለአንባቢዎች ላካፍል ወደድሁ።

ሜፕል በሰሜን አሜሪካ ብርዳማ ክፍል የሚበቅል ዛፍ ነው። ከየካቲት እኩሌታ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ባለው ጊዜ፣ ሌሊቱ ውኃ የሚያረጋ ብርድ፣ ቀኑ ግን ሞቅ ያለ ሲሆን፣ ግንዱን በጥቂቱ ቢበሱት እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ይህን ጥበብ አስቀድመው ያወቁት እንደ አቤናኪ ያሉ የአገሩ ጥንታውያን ሕዝቦች ናቸው። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ስኳር ከመቶ 2 እጅ ያኽል ብቻ ስለ ሆነ፣ 1 ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት 43 ሊትር ያኽል ማፍላት ያስፈልጋል፤ የቀረው ሁሉ እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል። ደግሞም ፈሳሹ እንደ ወተት ነው፤ ሙቀት ካገኘው ይበላሻልና ለነገ ብለው የሚያሳድሩት አይደለም።

ጎረቤቴ ሽማግሌ ናቸው፤ ገንዳውንና ምድጃውን የወረሱት ከአባታቸው ነው። በሥራው ወራት እርሳቸውና ልጃቸው እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ እሳት ሲያነዱ ያመሹ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ልጁ፣ «አባቴ፣ እንጨቱን ትተን በዘይት የሚነድ ምድጃ እንግዛ፤ ልጆቼ ነቅተው ሳላያቸው ወሩ አለቀ» አላቸው። ሽማግሌውም፣ «ጫካው የራሳችን ሆኖ ሳለ ለዘይት ብዬ ዕዳ አልገባም» አሉ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ አባትና ልጅ በአንድ ማዕድ እስከማይነጋገሩ ደረሱ። በዚህ ጊዜ የቤቱ እመቤት፣ «ስለ ዕዳው ከመጣላታችሁ በፊት አሁን የምታነዱት እሳት ወዴት እንደሚሄድ መርምሩ» አሏቸው።

ምክሩ እጅግ የበሰለ ነበር። አንድ ኪሎ ውኃ ሊረጋ ከደረሰበት ቅዝቃዜ አንሥቶ እስኪፈላ ድረስ ለማሞቅ 100 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ይበቃል፤ የፈላውን ግን እንፋሎት አድርጎ ለማትነን ሌላ 540 ያስፈልጋል። እንግዲህ ሥራው ውኃውን በማፍላት የሚፈጸም አይደለም፤ ዋናው ነገር መንተክተኩን ሳያቋርጥ ማቆየት ነው። ሽማግሌው ግን በአባታቸው ልማድ ምድጃውን በወፍራም ግንድ ሞልተው ይተዉት ነበር። ግንዱ እስኪያያዝ ገንዳው ይቀዘቅዛል፤ ሲያያዝም ነበልባሉ በጢስ መውጫው ያልፋል።

ስለዚህ በዚያው በጋ አባትና ልጅ እንጨቱን በክንድ አንጓ ውፍረት ፈልጠው በጣራ ሥር ከመሩት። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ እኩሌታ የሚያኽለው ውኃ ነው። እርጥብ እንጨት የሚያነድ ሰውም ሁለት ውኃ ያፈላል፤ አንዱን በገንዳው፣ አንዱን በእንጨቱ ውስጥ። ከገንዳው ሥር የተጋገረውንም ጥላሸት በብሩሽ ጠረጉት፤ ጥላሸት ሙቀትን የሚከለክል ግድግዳ ነውና። ከርብራቡ በታች አመዱን አውጥተው ለነፋሱ መግቢያ አበጁለት።

በተከታዩ ዓመት እኔም ማታ ማታ እሳቱን በማንደድ እረዳቸው ነበር። በየ8 ደቂቃው ጥቂት ፍልጥ እናጠላልፋለን፤ በሩንም ቶሎ እንዘጋለን፤ በሩ ክፍት ሲቆይ ብርድ ነፋስ ገብቶ መንተክተኩን ያበርዳልና። በገንዳው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጥልቀቱ 4 ሳንቲ ሜትር ያኽል እንዲሆን አደረግን፤ ከዚያ እጅግ ቢያንስ ያራል፣ ገንዳውንም ያበላሻል። በመጨረሻም ልጁ ከገንዳው በላይ የመዳብ ቧንቧ ዘረጋ፤ ቀዝቃዛው ፈሳሽ በቧንቧው ሲያልፍ በከንቱ ይሄድ የነበረው እንፋሎት ያሞቀዋል። ፈሳሹ ወደ መፍላት ቀርቦ ወደ ገንዳው ከገባ ከጠቅላላው ሙቀት ከሰባት አንድ እጅ ያኽል ይተርፋል። በዚህ ሁሉ ቀድሞ በሰዓት 95 ሊትር ያኽል ያተንን የነበረው ገንዳ 130 ሊትር ያኽል አደረሰ።

ሽሮፑ መድረሱም በግምት አይታወቅም። ንጹሕ ውኃ ከሚፈላበት ሙቀት በ4 ዲግሪ ያኽል ሲበልጥ ደርሷል ይባላል። ነገር ግን ውኃ በሁሉ ስፍራ በእኩል ሙቀት አይፈላም፤ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በከፍታ ላይ ባለችው በአዲስ አበባ ከ92 ዲግሪ ብዙ ሳይርቅ ይፈላል። በአንድ ስፍራም ቢሆን እንደ አየሩ ሁኔታ ጥቂት ይለያያል። ስለዚህ ብልኅ ሠራተኛ በየዕለቱ አስቀድሞ ንጹሕ ውኃ አፍልቶ ይለካል።

ዛሬ ብዙ ዛፍ ያላቸው አምራቾች ፈሳሹን ሳያፈሉ በረቂቅ ማጥለያ እያሳለፉ ስኳሩን ከመቶ 2 ወደ 8 ያደርሱታል፤ በዚህም ከውኃው ከአራት ሦስት እጁ አስቀድሞ ይለያል። ዋጋው ግን ለሁሉ የሚቀል አይደለም። ጎረቤቶቼ እስካሁን አልገዙትም፤ ዕዳም አልገቡም። በበጋ የሚፈለጠው እንጨት ድካሙ ከቀድሞው እንደሚበዛ አይካድም፤ ሆኖም በሥራው ወራት ልጁ ልጆቹ ሳይተኙ ወደ ቤቱ ይገባል፤ አባትየውም ከእርሱ ጋር በአንድ ማዕድ ይጫወታሉ።

በቤተ ሰብ መካከል ጠብ ሲነሣ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሰው ክፋት ሳይሆን ያልተመረመረ ልማድ ነው። እንግዲህ የቤቱ ኑሮ የከበደው ሰው ሁሉ አዲስ ዕቃ ለመግዛት ከመቸኮሉ በፊት፣ በእጁ ያለው ምን ያኽል እንደሚሠራና የት እንደሚባክን በትዕግሥት ይለካ። ከለካ በኋላ መግዛት ቢያስፈልገው እንኳ የሚገዛውን ዐውቆ ይገዛል።