«እዚችው ናት»

አገራችን ውስጥ መንገድ ጠፍቶባችሁ አንድ ሰው ብትጠይቁ «እዚችው ናት» ይላችኋል። እዚችውን ስትከተሉ ግማሽ ሰዓት ትሄዳላችሁ። ደላላውም ያው ነው። «ከታክሲ መውረጃ ሁለት ደቂቃ» ያላችሁን ቤት የምታገኙት ላብ ካጠመቃችሁ በኋላ ነው። ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ የፈረንጅ ደላላ «ለመሀል ሮም ቅርብ» ሲለኝ አምኜው ቁጭ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጀርመን ያለችውን እህቴን ለመጠየቅ ከአባቴ ጋር መንገድ ጀመርን። አባባ ያኔ ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸውና አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። «በሮም በኩል አሳልፈኝ። የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ቦታ ልየው» አሉኝ። ሦስት ሌሊት ሮም እንድናድር ተስማማን።

ሆቴሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ኢንተርኔት ላይ ዋጋውን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደርኩና ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካሉት በሌሊት 35 ዩሮ የሚቀንስ አገኘሁ። ፎቶው ላይ አልጋው ሰፊ ነው፣ መጋረጃው የሠርግ ቤት ይመስላል፣ ቁርሱ ነፃ ነው። ሲባዛ በሦስት 105 ዩሮ! በራሴ ብልጠት ተደነቅሁ። ካርታውን ግን ከፍቼ አላየሁም።

ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ቀጥታው ባቡር 32 ደቂቃ ነው። እስከዚያ ድረስ ነገሩ አልጋ በአልጋ ነበር። መከራው የጀመረው ከቴርሚኒ ወዲያ ነው። ሆቴላችን ለካ ሮምን ከሚከባት የ68 ኪሎ ሜትር ቀለበት መንገድ ውጭ ኖሯል! በምድር ውስጥ ባቡር እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ በእግር። ሻንጣ እየጎተትን ስንደርስ መሽቷል። ማስታወቂያው ዋሸ እንዳልል «መሀል ከተማ ሃያ ደቂቃ» ያለው በመኪና ነው። መኪናው የማን እንደሆነ ግን አልነገረንም።

ማግስቱ እሑድ ነበርና አውቶቡሱ ከየት ይምጣ? ቴርሚኒ ስንደርስ ሊጋመስ ነው። አባባ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡና ጉልበታቸውን ያዝ አድርገው «ትንሽ ልረፍ» አሉ። ትንሿ ረዘመች። ጋደም እንዳይሉ አልጋው ያለው ከከተማው ማዶ ነው። በዚያ ላይ ዝናቡ መጣ። ማታ አውቶቡስ እናጣለን ብለን ሰግተን አንድም ነገር ሳናይ ተመለስን።

ሌሊት ቪክስ ሸተተኝ። አባባ በጨለማ ጉልበታቸውን እያሹ ነው። ቅሬታ የለ፣ ወቀሳ የለ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቆጠብኩት ያልኩት ገንዘብ ለካ የሚከፈለው ከአባቴ ጉልበት ኖሯል።

ሲነጋ የቀረችውን የአንድ ሌሊት ክፍያ ለሆቴሉ ተውኩለትና ታክሲ ጠራሁ። ቁጠባዬ እዚያው ላይ ተን ብሎ ጠፋ። ከቴርሚኒ ሁለት መንገድ ገባ ብላ ያለች ትንሽ ማረፊያ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክፍል አገኘን። ሊፍቷ ቁም ሳጥን ታክላለች፣ አልጋው ጠባብ ነው፣ የመንገደኛ ሻንጣ ሲንኳኳ ያድራል፣ ኪሳችሁን ጠብቁ የሚባልበት ሰፈርም ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ዋና ዋና የምድር ውስጥ ባቡር መስመሮች የሚገናኙት እዚያው ሥር ነው። ሐበሻ ምግብ ቤትም በአካባቢው አይጠፋም።

ሻንጣችንን ጥለን ወጣን። በ«ቢ» መስመር ሦስተኛዋ ፌርማታ ቺርኮ ማሲሞ ናት። ከዚያ ብቅ ስትሉ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊታችሁ ነው፤ አደባባዩም ፖርታ ካፔና ይባላል። የሙሶሊኒ መንግሥት 24 ሜትሩን ሐውልት ከአክሱም አምጥቶ በ1930 ዓ.ም. ያቆመው እዚህ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ አክሱም ላይ ዳግም ቆመ።

አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። መኪናው ይተራመሳል፤ እሳቸው ግን ዝም ብለው ቆመዋል።

«አባባ፣ ባዶ ቦታ ለማየት ነው ይህን ሁሉ የደከሙት?» አልኳቸው።

«ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ 'ሮም ነው ያለው፣ ይመለሳል' እያልኩ አስተምሬያለሁ» አሉኝ። «ባዶ መሆኑን በዓይኔ ልይ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ምን ልመልስ? አንድ ቀን ብቻ ቢዘገይ ኖሮ ይህን ሳያዩ ሊሄዱ ነበር። ያውም ለ35 ዩሮ!

እኩለ ቀን ላይ ተመልሰን አባባ ሁለት ሰዓት ያህል ተኙ። የቅርብ ሆቴል ትርፉ ይሄው ነው። ቀኑን ለሁለት ይከፍልላችኋል፤ የደከመ ሰው ጋደም ብሎ ይነሣና ቀኑን እንደገና ይጀምራል። አመሻሽ ላይ በእግር ወጣን። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሱት ጦር መታሰቢያ ነው። አባባ ጽሑፉን በጣታቸው እያሳዩ ሳቁ። «አየህ፣ የአሉላ ስም ሳይጠራ ተጽፏል» አሉኝ።

ዛሬ ወዳጆቼ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ «ሆቴሉ ስንት ኮከብ ቢሆን ይሻላል?» ይሉኛል። እኔ ኮከብ አልቆጥርም። ለምኑ ነው ቅርብ? ከፌርማታው በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ማታ በምን ትመለሳላችሁ? አብሯችሁ የሚሄደውስ ማነው? ቅርብና ሩቅ የሚለካው ከሁላችሁም በደከመው ሰው እግር ነው።

አባባ አሁን ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አልፈው መሄድ አይችሉም። እሷም ብትሆን ለኔ እዚችው ናት። ለእሳቸው ግን ሁለት ጊዜ ተቀምጦ የሚደረስባት ሩቅ አገር ሆናለች። ዱላቸውን ይዤ አብሬያቸው ስሄድ አልቸኩልም። መቀመጫዎቹን አውቃቸዋለሁ።