የምትሸሸው ሴት ከምን ነው የምትሸሸው?

መቼም ለወንድ ልጅ ፍቅር ነጥብ የምንሰጠው በተንከራተተው ልክ ነው። አንዷን ሴት አርባ ዓመት ሲከተል የኖረ ሰው ካገኘን «ይሄ ነው ፍቅር!» እንላለን። እሷ ለምን እንደምትሸሽ የሚጠይቅ ግን የለም።

ይህን ያሳሰበኝ የከሰዓቱ ሙቀት ከቤት አላስወጣ ሲለኝ፣ እዚሁ ሸዋ ሮቢት ያነበብኩት የፔሩያዊው የማርዮ ቫርጋስ ዮሳ ልብ ወለድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ነው፤ በእኛ አፍ «መጥፎዋ ልጅ» ቢባል ያስኬዳል። ሪካርዶ የሚባል የሊማ ልጅ፣ ገና በጉርምስናው፣ ሊሊ የምትባል «ቺሊያዊት» ይወዳል። ቺሊያዊት አለመሆኗ ሲጋለጥ ትሰወራለች። ከዓመታት በኋላ ፓሪስ ላይ ወደ ኩባ የምትሄድ ታጋይ፣ ጓድ አርሌት ሆና ትመጣለች (ጓድ የሚለውን ቃል እኛም እናውቀዋለን!)። ከዚያ የዲፕሎማት ሚስት፣ ከዚያ እንግሊዝ አገር የሀብታም ሚስት፣ ከዚያ ቶኪዮ ላይ ኩሪኮ። በየጊዜው አዲስ ስም፣ አዲስ ታሪክ። እሱ እያስተረጎመ ይኖራል፤ በመጣች ቁጥር በሩን ይከፍትላታል።

አንባቢ «ይቺ ልጅ ልብ የላትም!» ብሎ ሲያበቃ፣ ሪካርዶ ሊማ ሄዶ ከአባቷ ጋር ይገናኛል። እውነተኛ ስሟ ኦቲሊታ ነው። የድሃ ልጅ ናት። ስትሸሽ የኖረችው ከእሱ አይደለም፤ ከዚያ ቤት ነው።

እዚህ ጋ መጽሐፉ ፔሩን ለቆ ይፋት ገባብኝ። ከዚህ ከተማ አይሱዙዎቹ ሽንኩርትና ማሾ ጭነው ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ፣ አውቶብሶቹ ደግሞ ልጃገረዶችን ይዘው ይወጣሉ። ወደ ቤይሩት፣ ወደ ጅዳ፣ ወደ ዱባይ። ስማቸውን ቀይረው፣ ዕድሜያቸው ላይ ጨምረው ፓስፖርት የሚያወጡ አሉ። የቀረው ጎረምሳ ጫቱን ይዞ «ከዳችኝ» ይላል፤ ሰፈሩም አብሮት ያዝናል። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ እንኳ፣ በየሰፈሩ የሚሰማው ጥያቄ «ምን ይዛ መጣች?» ነበር። «ስምሽ አሁን ማን ነው?» ያላት የለም።

የራሳችን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) በዚህ በኩል ይሻላል። ሐዲስ ዓለማየሁ ሰብለ ወንጌልን የሩቅ ጭስ አላደረጓትም። ከምን እንደምትሸሽ እናውቃለን፤ ከአባቷ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤትና ቤቱን ካቆመው ትዕቢት። በዛብህን ፍለጋ መንገድ የምትወጣውም ራሷ ናት። ቫርጋስ ዮሳ ግን ልጅቷን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያሳየን በሪካርዶ ዓይን ብቻ ነው። የቀረውን እኛው መሙላት አለብን።

ሪካርዶ አላፈቀረም አልልም። አፍቅሯል። ግን መጽሐፉ እጃችሁ ከገባ አንድ ልመና አለኝ፦ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ እናንተ አብራችሁት አትቁሙ። ከእሷ ጋር አውቶብሱ ላይ ውጡ።