ከመስተዋት የተሠራ ማማ

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ፋብሪካ ውኃ ማቀዝቀዣ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለጊዜው ፍልስፍናውን ትተን ወደ ጣሪያ ቀና እንበል። በትልልቅ ሆቴሎችና ፋብሪካዎች አናት ላይ ተቀምጦ ነጭ እንፋሎት የሚተፋው ሣጥን መሰል ነገር ጭስ ማውጫ አይደለም፤ የውኃ ማቀዝቀዣ ማማ ነው።

አሠራሩን እናቶቻችን ያውቁታል። በሸክላ እንስራ ያደረ ውኃ የሚቀዘቅዘው እንስራው ስለሚያልበውና ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ማማውም እንዲሁ ነው። ከመኪናዎቹ ሙቀት ተሸክሞ የመጣው ውኃ ከላይ በመርጫዎች ይበተናል፤ ሞገድ በመሰለ ስስ የፒ ቪ ሲ ንብርብር ላይ እየተንሸራተተ ሲወርድ፣ አናቱ ላይ ያለው ማራገቢያ ከጎን የገባውን አየር ወደ ላይ ይስባል። ከ100 ሊትር 1 ሊትር ያህሉ ሲተን የቀረው 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ጠብታ ከነፋሱ ጋር እንዳያመልጥ ከማራገቢያው በታች የተጣጠፈ የፕላስቲክ ማገጃ አለ፤ የቀዘቀዘው ውኃም ግርጌው ባለ ገንዳ ተጠራቅሞ ወደ ሥራው ይመለሳል።

እኔን ያስገረመኝ ግን ግድግዳው ነው። ዱሮ ከእንጨት ይሠራ ነበር፤ አሜሪካኖች የካሊፎርኒያን ሬድውድ ይመርጡ ነበር። ነገር ግን እንጨት ይበሰብሳል፣ ብረት ይዝጋል። ስለዚህ ከእጃችን ወድቆ ይሰበራል ብለን የምንሰጋለትን መስተዋት አቅልጠው ከፀጉር ይልቅ አቀጠኑት፤ ክሩን በፖሊስተር ሙጫ ነክረው ሙጫው ሲጠነክር ዝገትም ብስባሽም የማያውቅ ቀላል ግድግዳ ወጣው። ፋይበርግላስ የሚባለው ይህ ነው። እርግጥ ጠላት አላጣም፤ ፀሐይ የላይኛውን ሽፋን ከበላችው ክሩ ይገለጣል። ብሎኖቹም ከተራ ብረት ከሆኑ ዝገቱ በእነርሱ በኩል ይመጣል። (ስለ ግድግዳው ብዙ የሚባለውን ያህል ስለ ብሎኑ የሚናገር አልገጠመኝም።)

ታላቅ ወንድሜ በአንድ ፋብሪካ እንዲህ ያለውን ማማ ያጥባል። የተገለጠው የመስተዋት ክር ክንዱን ሲያሳክከው ያድራል፤ እርሱ ግን ይበልጥ የሚያማርረው ገንዳው ውስጥ የሚረጋውን አረንጓዴ ዝቃጭ ነው። እውነት አለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ለጉባኤ ፊላደልፊያ ሆቴል ከተሰበሰቡት የቀድሞ ወታደሮች ብዙዎቹን ያልታወቀ የሳምባ በሽታ ይዟቸው 29 ሞቱ። በማግስቱ ዓመት ባክቴሪያው ተገኘና ከማኅበራቸው ስም ተወስዶ ሌጂዮኔላ ተባለ። ለብ ባለ ውኃ ይራባል፤ ሰው የሚይዘውም በትንፋሽ በሚገባ ጥቃቅን ጠብታ ነው። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች በሽታው በንጽሕና ካልተያዙ ማማዎች ሲነሣ ታይቷል።

የማማውን ክፍሎች ዝርዝር አገላብጬ አይቻለሁ። መርጫው፣ ማራገቢያው፣ ማገጃው፣ ብሎኑ ሳይቀር ተጽፏል፤ የአጣቢው አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ግን የለበትም። እኔ ብሆን ከመርጫው ቀጥዬ እጽፈው ነበር። ወንድሜ መሸፈኛ ከጠየቀ ሁለተኛው ክረምት ነው፤ እስካሁን የደረሰው አንድ ጥንድ ጓንት ነው።