የአጃቢዎቹንም ስም ጥሩልን

ለኤፍ ኤም ጣቢያዎቻችን አንድ ልመና አለኝ፤ የድሮ ዘፈን ስታሰሙን እነማን እንደሠሩት ንገሩን። «የብዙነሽ በቀለ ነበር» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ግጥሙ የማን ነው? ዜማውስ? ያጀበው የክቡር ዘበኛ ነው፣ የፖሊስ ነው ወይስ የምድር ጦር ኦርኬስትራ?

ይህን የምለው የሬዲዮ ውለታ ስላለብን ነው። ሸክላ ማጫወቻ ያለው ቤት ጥቂት በነበረበት ዘመን ዘፈኑን ለሰፊው ሕዝብ ያደረሰው ሬዲዮ ነው። የዘፈን ምርጫ የሚቀርብበት ሰዓት ሲደርስ ልብስ ሰፊው መኪናውን ያቆም ነበር። ደብዳቤ የጻፈ ሰው ስሙ ከተጠራለት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማለት ነበር። ካምፕ ላለ ወንድም፣ ክፍለ ሀገር ለተመደበች አስተማሪ፣ «ባሉበት ይድረሳቸው» እየተባለ ሰላምታው ከዘፈኑ ጋር ይላክ ነበር። ኋላ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም.፣ ሸገር 102.1 ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ሲመጡ እነዚያ ዘፈኖች ታክሲ ውስጥ እንደገና ነፍስ ዘሩ። ዘፈኑ ሲወጣ ያልተወለደ ልጅ ዛሬ ከሾፌሩ እኩል የሚያዜመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሸክላው ራሱ የወጣው በድፍረት ነው። በ1940 ዓ.ም. በተሰጠ የመንግሥት ውሳኔ ሸክላ ማስመጣትና ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተተወ ሥራ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ውሳኔውን ጥሶ ዓለማየሁ እሸቴን አስቀረጸ፤ ሸክላውንም ሕንድ ልኮ አሳተመ። መታሰር ሊያመጣበት እንደሚችል እያወቀ ነው ያደረገው። አገር ለቆ እስኪወጣ ድረስ ባሉት ስድስት ዓመታት ገደማ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ። በፊትና በጀርባ አንዳንድ ዘፈን፣ እያንዳንዱ ሦስት አራት ደቂቃ። ዛሬ «የድሮ» ብለን ከምንሰማው ብዙው ከዚያ የመጣ ነው።

ስማቸው ሳይጠራ ከቀሩት መካከል ግርማ በየነን ውሰዱ። ፒያኖ ተጫዋች፣ ገጣሚና አቀናባሪ ነው። ከዓለማየሁ ጋር የዓለም ግርማ ባንድን መሠረተ፤ ለስንቱ ዘፋኝ አቀናበረ። ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረና ዋሽንግተን ውስጥ ቤንዚን ማደያ ሠራ። ያቀናበራቸው ዘፈኖች አዲስ አበባ ላይ በየቀኑ ሲዘፈኑ የእሱን ስም የሚያነሳ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ2009 ዓ.ም. አልበም አብረውት ያወጡት አካሌ ውቤ የተባሉ ፈረንሳዮች ናቸው። ይሄ እኔን ያንገበግበኛል።

አንዳንድ አቅራቢዎች የዘፈኑ መግቢያ ላይ ያወራሉ፣ ማለቂያው ላይ ደግሞ ድምፁን ቀንሰው ማስታወቂያ ያስገባሉ። ሳክስፎኑ ለብቻው የሚወጣው፣ ትራምፔቱ የሚመልስለት እዚያው መግቢያና ማለቂያው ላይ ነው። የተጫዋቾቹን ስም ሳትነግሩን ጨዋታቸውንም ትሸፍኑብናላችሁ።

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም፤ ከዘፈኑ በኋላ አሥር ሰከንድ ይበቃል። ስሙ ካልታወቀ አድማጭን ጠይቁ፤ ሸክላ ያስቀመጡ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። ከነዚያ ኦርኬስትራዎች በሕይወት ያሉትንም ስቱዲዮ ጋብዟቸው፤ አንድ ዘፈን ክፈቱላቸውና ማን ምን እንደተጫወተ ከራሳቸው አፍ ቅረጹ።