ሁለት ወንበሮች

ልጃችን ባሕር ማዶ ስትዳር ቪዛ ተከልክለን ቀረን። የሠርጉ ቪዲዮ ግን ደረሰን። ምን ያደርጋል! አሮጌው ኮምፒዩተሬ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት እየጮኸ፣ ዘፈኑ ይቀጥላል፣ ሥዕሉ ደርቆ ይቆማል።

«ይኼ ሠርግ ነው ወይስ የፎቶ አልበም?» አለች ባለቤቴ።

የእህቴ ልጅ መዳፍ የምታህል ሣጥን ይዞ መጥቶ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኛት። ፕሮሰሰሯ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኢንቴል ኤን100 ነው፤ የተመደበለት ኃይል 6 ዋት ብቻ! ከአምፖል አይበልጥም ብዬ ሳቅሁ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ኮምፒዩተር ጉልበት አያንሰውም፤ የታመቀውን የኤች265 ቪዲዮ የሚፈታ ክፍል ግን የለውም። ዋናው አንጎሉ ለብቻው ሲታገል ይደክማል። ይቺ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ ክፍል አላት።»

ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ቋንቋውን ላላወቀ ጉልበት እንደማይረዳው እንዴት ጠፋኝ?

ሠርጉ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ካሜራው በፊተኛው ረድፍ በኩል ቀስ ብሎ ሲያልፍ፣ አበባ የተቀመጠባቸው ሁለት ባዶ ወንበሮች አየን። ለካ አሮጌው ኮምፒዩተር እዚያ ላይ እየደረቀ ሲዘላቸው ኖሯል።

«እስቲ መልሰው» አለች ባለቤቴ። ሦስት ጊዜ አስመለሰችው።

ማታ ለልጃችን ደወልንላት። «ወንበሮቹን አየናቸው» አልኳት። ረጅም ዝምታ ሆነ። መስመሩ ግን አልተቋረጠም ነበር።