የጠቦት ታፋና የእኛ ሳቅ

እኛ ሦስት የዶርም ልጆች ኖርዌጅኛ የጀመርነው ለቁም ነገር አልነበረም። ኖርዌይ ቆይተው የመጡ አንድ መምህር ቅዳሜ ቅዳሜ «ላስተምራችሁ» ቢሉን፣ ምን ቸገረን ብለን ገባን።

ያ ቋንቋ ቃልን በቃል ላይ ይቀጥላል። «ባርን» ልጅ፣ «ሃገ» የአትክልት ቦታ፤ በመሐላቸው አንዲት አናባቢ ገብታ «ባርነሃገ» ሲሆኑ መዋዕለ ሕፃናት ማለት ነው። የእኛም «ቤት» ከ«መጻሕፍት» ጋር ሲናበብ «ቤተ» ይል የለ? እኛ ለያይተን እንጽፋለን፣ እነርሱ ገጥመው። «አርባይድ» ሥራ፣ «ፕላስ» ቦታ ነው፤ ማያያዣዋ «ስ» ስትገባ «አርባይድስፕላስ» ይሆናል። እኛ «አርባይድ» ብለን ቆረጥንና «ስፕላስ» አልን። መምህሩ «ስ የፊተኛው ቃል ናት» አሉን።

ጉዱ የመጣው በ«ላመሎር» ነው። ገጥመው ጽፈው፣ የፊተኛውን ቃል ጫን ብለው ባንድ ትንፋሽ ሲሉት የጠቦት ታፋ ነው። ለያይተው ሁለቱንም እኩል ሲጫኑት ግን «ሽባ ጭኖች» ይሆናል። ከእኛ አንዱ ሥጋ ቤት የገባ መስሎ ሲጫወት ሽባ ጭኖች አዘዘ። መምህሩ አልሳቁም። «እንደገና» አሉ፣ በቃ።

ያን ጊዜ ደነገጥን። አንደኛ ዓመት ሳለን አማርኛን ከትምህርት ቤት የተማረ ልጅ አብሮን ይኖር ነበር። አንድ ቀን ጋዜጣ ሲያነብልን «ዋና አዘጋጅ» የሚለውን «ና»ን አላልቶ አነበበው። ኧረ እኛ! «የዋና አዘጋጅ፣ የት ነው የሚዋኘው?» እያልን ስንት ወር ሳቅንበት። ከዚያ በኋላ ጮክ ብሎ አላነበበም፤ ክፍል ውስጥም እጁን ማውጣት ተወ።

ጥፋቱ የእርሱ ነበር እንዴ? ፊደላችን መጥበቅን አይጽፍም። የኖርዌጅኛም ጽሕፈት ዜማውን አይጽፍም፤ በብዙ ቀበሌኛቸው «ገበሬዎች»ና «ባቄላዎች» የሚሉት ቃላት ሲነገሩ የሚለዩት በዜማ ብቻ ነው። ጽሕፈት የሚተወውን በእናቱ ቤት የሰማ ያውቀዋል፤ ያልሰማ ደግሞ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። እኛ ልንነግረው ስንችል ሳቅንበት።

ባለፈው ሳምንት ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። «ቆየ እኮ» አለን፣ መጽሐፉን ሳይከድን። ቅዳሜ አብረን እንማር አልነው፤ አልመጣም። እንደገና እንጠይቀዋለን።

አንባቢ ሆይ፣ በዶርምህ ጮክ ብሎ ማንበብ የተወ ልጅ ካለ፣ መጀመሪያ ማን እንደሳቀበት አስታውስ።