የእማዬ ክፍል ስንት ካርቶን ይፈጃል?

ለአንድ ክፍል ወለል ስንት ሴራሚክ እንደሚበቃ ሦስት ሰው ብትጠይቁ ሦስት ዓይነት መልስ ታገኛላችሁ። የሱቁ ልጅ ስፋቱን ሰምቶ «8 ካርቶን» አለኝ። ሙያተኛው በር ላይ ቆሞ ክፍሉን ቃኘት አደረገና «13 ይሁን፤ ቢተርፍ አይጎዳም» አለ። እናቴ ደግሞ በክንዷ ለክታ «ይቺማ ትንሽ ክፍል ናት፤ ብዙ አታውጪ» አለችኝ።

ገንዘቡ የእሷ ነበር። እማዬ 78 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ደረጃ መውጣትና መውረድ እንቢ ካላት ቆይቷል። ከእኛ ጋር እንድትኖር ለምነን ለምነን እሺ ያለችው በአንድ ነገር ላይ ተስማምተን ነው። የምትተኛበትን ክፍል ወለል ራሷ ታሠራለች። ዕቁብ ወጥቶላታል። እኔና ባለቤቴ መክፈል አቅቶን አይደለም ዝም ያልነው፤ በገዛ ገንዘቧ በተሠራ ወለል ላይ ስትራመድ ራሷን እንደ እንግዳ እንደማትቆጥር ስለገባን ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ታዲያ ገንዘቧ መባከኑ ብቻ አልነበረም። ሥራው ተጋምሶ ሴራሚኩ ቢያልቅና «እማዬ፣ ትንሽ ጨምሪ» ብንላት፣ «ድሮስ ሸክም ልሆንባችሁ አይደል የመጣሁት!» ብላ ሻንጣዋን እንደምታነሳ አውቃለሁ። እናቴን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

ስለዚህ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ልጄን ሜትር አስያዝኩትና መለካት ጀመርን። ቤቶቻችን ሲያዩዋቸው ቀጥ ያሉ ይመስላሉ እንጂ ስኳድራቸውን የጠበቁት ጥቂት ናቸው። የእኛው ክፍል ርዝመት በመስኮቱ በኩል 3.84፣ መሐል ላይ 3.82፣ በበሩ በኩል 3.80 ሜትር ሆኖ ተገኘ። ወርዱ 3.30 ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያዘው ትልቁ ቁጥር ነው። ልጄ አባዝቶ 12.67 ካሬ ሜትር አለኝ። ትምህርት ቤት የተማረው የስፋት ሒሳብ አያቱን ሲጠቅም በማየቱ ደስታው ልዩ ነበር።

የመረጥነው 40 በ40 የሆነውን፣ ፊቱ ሻካራውን ነው። የሚያብረቀርቀው ለዓይን ያምራል፤ ግን ውኃ ጠብ ሲልበት ያንሸራትታል፤ በዚህ ዕድሜ መውደቅ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በአንድ ካርቶን 10 ፍሬ አለ፤ ይህም 1.6 ካሬ ይሸፍናል። 12.67ን ለ1.6 ብናካፍል 8 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። የሱቁ ልጅ መልስ ከዚህ የመጣ ነው፤ ሒሳቡም ልክ ነው። ችግሩ ሴራሚክ እንደ ጨርቅ ተጣጥፎ ጥግ ውስጥ አይገባም። ይቆረጣል፣ ሲቆረጥም ይሰበራል። ለቀጥታ ንጣፍ ቢያንስ 10 በመቶ፣ በሰያፍ ለሚነጠፍ ደግሞ እስከ 15 በመቶ መጨመር የተለመደ ነው። 10 በመቶ ስንጨምር 9 ካርቶን ሆነ።

እዚህ ላይ ብቆም ይበቃኝ ነበር፤ ግን ወረቀት ላይ ሣልነው። በርዝመቱ 9 ሙሉ ሴራሚክ ገብቶ በመጨረሻው ረድፍ ከአንድ ሴራሚክ ግማሽ ትንሽ የሚበልጥ ቁራጭ ያስፈልጋል። በወርዱ 8 ሙሉ ገብቶ ጠባብ ቁራጭ ይቀራል። ሙያተኛው ከመሐል ጀምሮ በሁለቱም ጎን እኩል ቁራጭ ማድረግ ፈልጎ ነበር፤ ያምራል። ግን እንደዚያ ከሆነ ከእያንዳንዱ የተቆረጠ ሴራሚክ የሚተርፈው ለሌላው ጎን አይበቃም፤ ስለዚህ ንጣፉ ብቻውን 90 ፍሬ ይበላል። ከአንዱ ግድግዳ ከተጀመረ ግን ጠባቡ ቁራጭ ከመጨረሻው ረድፍ ትራፊ ይወጣል፤ 80 ፍሬ ይበቃል። ክፍሉ ያው፣ ስፋቱ ያው፣ ልዩነቱ አንድ ሙሉ ካርቶን! ጠባቧ ቁራጭ ቁምሳጥኑ ሥር እንድትገባ ተነጋገርን። ቁምሳጥን ሥር ማን አጎንብሶ ያያል?

ዞኮሎውንም ሁሉም ረስተውት ነበር። የግድግዳው ዙሪያ 14.28 ሜትር ነው፤ 80 ሴንቲ ሜትሩ የበሩ ሲቀነስ 13.48 ይሆናል። አንዱ ሴራሚክ በአራት ሲሰነጠቅ 1.6 ሜትር ይሸፍናል፤ ስለዚህ 9 ፍሬ። 80 እና 9፣ 89። በ9 ካርቶን ብንገዛ ለስብራት የሚተርፈን አንድ ፍሬ ብቻ ነው። 10 ካርቶን ገዛን።

ሱቅ ለምትሄዱ አንድ ነገር ልጨምር። ካርቶኖቹ ላይ የተጻፈው የቀለምና የምርት ቁጥር በሁሉም ላይ አንድ መሆኑን ሳታዩ አትክፈሉ። ስሙ አንድ ሆኖ ቁጥሩ ከተለየ፣ ሲነጠፍ አንዱ ጥግ ደመቅ ሌላው ፈዘዝ ሊል ይችላል። ኋላ ቢጎድልም ያንኑ ቁጥር ማግኘት ዕድል ነው። ያልተከፈተ ካርቶን ይመልሱ እንደሆነም ቀድማችሁ ጠይቁ።

አሮጌው ሊሾ ደረጃው የተስተካከለ ስለነበር ሳናፈርሰው በላዩ ላይ በኮላ አስለጠፍን። በወፍራም የሲሚንቶ ሙሌት ቢሆን ወለሉ ከኮሪደሩ ከፍ ብሎ፣ እማዬ ሌሊት ስትነሳ እግሯን የሚያደናቅፍ እርከን ይፈጠር ነበር። አሁንም ትንሽ ከፍታ አለ፤ በሩ ሥር ዘመም ተደርጎ ተስተካከለ። መዝጊያውም ከሥሩ ትንሽ ተላገ።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። ሦስት ፍሬ ተሰበረ። ሙያተኛው የተረፈውን ቆጥሮ «ማዘር፣ 8 ተርፏል» ሲላት እማዬ ራሷ ደግማ ቆጠረች። ሰባቱን በጋዜጣ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር አስቀመጠች፤ አንዱ ቢሰነጠቅ መተኪያ ይሆናል። ስምንተኛውን የከሰል ምድጃዋ ማስቀመጫ አደረገችው። ልጄ «አያቴ፣ ይኼኛውን እኔ ነኝ ያሰላሁት» ቢላት፣ «ታዲያ አንተ አሰላህ፣ እኔ ከፈልኩ፤ ጫማህን አውልቀህ ግባ» አለችው።